የማጭዱ ሄሞግሎቢንና የስኳር ሕመም መለኪያ፦ በአንድ ሰንሰለት ላይ የተገናኙ የሁለት ግኝቶች ታሪክ

መግቢያ

የስኳር ሕመምተኛን የሚከታተል የጤና ባለሙያ ከላቦራቶሪ ከሚጠብቃቸው ውጤቶች መካከል ዋነኛው የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ መጠን ነው። ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም የሚለካው ግሉኮስ የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ሲያመለክት፣ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ግን ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል። ይህን አንድ ቁጥር መሠረት በማድረግ ኢንሱሊን ይጨመራል፣ መድኃኒት ይለወጣል፤ አለዚያም ሕመምተኛው "ስኳርዎ በቁጥጥር ሥር ነው" ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ዳሩ ግን ቁጥሩ የሚገኘው ከሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢኑ በውርስ የተለየ የሆነ እንደሆነ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። በተለይም ሲክል ሴል በመባል የሚታወቀውን የደም ሕመም የሚያስከትለው ሄሞግሎቢን ኤስ በዚህ ምርመራ ላይ የሚያሳድረው ተጽእኖ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል። ጉዳዩን በቅርብ ያልተከታተለ ሰው የሲክል ሴልን ጥናትና የስኳር ሕመምን ምርመራ በአጋጣሚ የተጋጩ ባዕዳን አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የስኳሩ ምርመራ የተወለደው የተለዩ ሄሞግሎቢኖችን ለማግኘት ሲደረግ ከነበረው ፍለጋ ውስጥ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ታሪክ በአጭሩ በማቅረብ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና የጤና ባለሙያው እንዴት ሊጠነቀቅ እንደሚገባው ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማጭድ ቅርጽ ያላቸው ሴሎች

በ1904 ከግሬናዳ ደሴት የጥርስ ሕክምና ለመማር ወደ ቺካጎ የሄደ ዋልተር ክሌመንት ኖኤል የተባለ ወጣት ታሞ ሆስፒታል ገባ። ደሙን በማይክሮስኮፕ የመረመረው ተለማማጅ ሐኪም ኧርነስት አይረንስ ከተለመዱት ክብ ሴሎች መካከል ረዘም ብለው የጎበጡ ሴሎችን ተመለከተ። አለቃው ዶክተር ጄምስ ሄሪክ ጉዳዩን ለዓመታት ካጤኑ በኋላ በ1910 በሕክምና መጽሔት አሳተሙት፤ የሴሎቹንም ቅርጽ ከማጭድ ጋር አመሳሰሉት። ኖኤል ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሀገሩ በመመለስ በጥርስ ሐኪምነት ሲያገለግል ቆይቶ በ1916 ዐረፈ። ሕመሙ "ሲክል ሴል አኒሚያ" የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1922 ሲሆን ስሙን ያወጡለት ዶክተር ቨርን ሜሰን ናቸው።

የሴሉ ቅርጽ ለምን ይለወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የተገኘው በ1949 ነው። ላይነስ ፖሊንግ፣ ሃርቬይ ኢታኖና ባልደረቦቻቸው የሕመምተኞቹን ሄሞግሎቢን በኤሌክትሮፎረሲስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል መስክ ውስጥ እንዲጓዝ በማድረግ፣ መረመሩት። የሕመምተኞቹ ሄሞግሎቢን ከጤነኛው ሄሞግሎቢን በተለየ ፍጥነት እንደሚጓዝ፣ የተሸካሚዎቹ ደም ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት እንደያዘ ተረዱ። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ልዩነት መሆኑ ታወቀ። በሕክምና ታሪክ አንድ ሕመም በአንድ ሞለኪውል ጉድለት ሲገለጽ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በ1954 አንቶኒ አሊሰን ተሸካሚነት ከወባ እንደሚከላከል አስረዱ። በዚህም ባሕርዩ ወባ በጸናባቸው የአፍሪካ፣ የዐረቢያና የሕንድ አካባቢዎች ለምን እንደበዛ ግልጽ ሆነ። በ1957 ደግሞ ቨርነን ኢንግራም በካምብሪጅ ባካሄዱት ጥናት ጉድለቱ ያለበትን ትክክለኛ ስፍራ አመለከቱ። በሄሞግሎቢን ቤታ ሰንሰለት ላይ በስድስተኛው ቦታ ሊገኝ የሚገባው ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቶ ተገኘ። ግሉታሚክ አሲድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ሲኖረው ቫሊን ግን ምንም ቻርጅ የለውም። ስድስተኛው የሚለውን ቁጥር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የስኳሩ አሻራ

የሄሞግሎቢን ጥናት በዚህ ሁኔታ ሲስፋፋ በርካታ ላቦራቶሪዎች የሰዎችን ደም በኤሌክትሮፎረሲስና በክሮማቶግራፊ መመርመር ጀመሩ። በ1955 ሄንሪ ኩንከልና ጉናር ዋሌኒየስ ጤነኛ በሆኑ ሰዎችም ደም ውስጥ ከዋናው ሄሞግሎቢን ኤ ሌላ ጥቃቅን ክፍልፋዮች እንዳሉ ገለጹ። በ1958 እነዚህ ክፍልፋዮች በክሮማቶግራፊ ዓምድ ተለይተው የወጡ ሲሆን ከመካከላቸው አንደኛው ኤዋንሲ የሚል መለያ ተሰጠው። በዚያን ጊዜ ግን የዚህ ክፍልፋይ ፋይዳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ፋይዳውን የገለጠው በቴህራን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር ናቸው። ራህባር የስኳር ሕመም ተመራማሪ አልነበሩም። ይፈልጉ የነበረው እንደ ሄሞግሎቢን ኤስ ያሉ በውርስ የተለዩ ሄሞግሎቢኖችን ነበር። የበርካታ ሰዎችን ደም በኤሌክትሮፎረሲስ ሲመረምሩ በአንዳንዶቹ ላይ ያልተለመደ መስመር ተመለከቱ፤ የሕመምተኞቹን ታሪክ ሲያጣሩም እነዚህ ሰዎች የስኳር ሕሙማን ሆነው አገኟቸው። ግኝታቸውን በ1968 አሳተሙ።

ከዚያም ራህባር ወደ ኒው ዮርክ ተሻግረው በአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ከፕሮፌሰር ሔለን ራኒ ጋር ሠሩ። እኒህ ፕሮፌሰር በ1954 የሄሞግሎቢን ኤስንና የሄሞግሎቢን ሲን የውርስ ሁኔታ በማጥናት ስማቸውን ያስጠሩ፣ ለሲክል ሴል ጥናት ፈር ከቀደዱት አንዷ ነበሩ። በ1969 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ የሚበዛው ያ ያልተለመደ ሄሞግሎቢን ቀደም ሲል የታወቀው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ መሆኑን አረጋገጡ። በመሆኑም በዛሬው ዕለት በሲክል ሴል ሄሞግሎቢን ምክንያት የሚሳሳተው ምርመራ ለዓለም የተዋወቀው የሲክል ሴልን ሄሞግሎቢን ስታጠና በኖረች ሐኪም ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በፍጥነት ተራመደ። ፍራንክሊን በንና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ እንዳሳዩት፣ ግሉኮስ በቀይ የደም ሴሉ የሕይወት ዘመን ሁሉ፣ ማለትም በ120 ቀናት ገደማ ውስጥ፣ ያለ ኤንዛይም እርዳታ ቀስ በቀስ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። የሚጣበቅበትም ስፍራ በቤታ ሰንሰለት መነሻ ላይ ያለው የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ነው። በ1976 ሮናልድ ኮኒግ፣ አንቶኒ ሴራሚና ባልደረቦቻቸው የሕመምተኞች ስኳር በሕክምና ሲስተካከል ሄሞግሎቢን ኤዋንሲም እየወረደ እንደሚሄድ በማሳየት ለክትትል እንዲውል ሐሳብ አቀረቡ።

ከላቦራቶሪ ወደ ሕክምና መመሪያ

ምርመራው ዛሬ ያለውን ክብር ያገኘው በሁለት ታላላቅ ጥናቶች ነው። በሰሜን አሜሪካ 1441 የዓይነት 1 የስኳር ሕሙማንን ተከታትሎ በ1993 ውጤቱን ያወጣው ጥናት ሄሞግሎቢን ኤዋንሲን ወደ 7 በመቶ ገደማ ማውረድ የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ አስመሰከረ። በ1998 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በዓይነት 2 ሕሙማን ላይ 7.0 በመቶ የደረሰው ቡድን 7.9 በመቶ ላይ ከቆየው ቡድን ይልቅ በጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ25 በመቶ እንደቀነሰለት አሳየ። በሌላ አነጋገር የአንድ ነጥብ ያህል እንኳ የማይሞላ ልዩነት የብዙ ሰዎችን ዓይንና ኩላሊት ዕጣ ይወስናል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ክብደት የተጣለበት ቁጥር ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ሊለያይ አይገባውም። ስለሆነም በአሜሪካ በ1996 የመለኪያ ዘዴዎችን የሚያስማማ ብሔራዊ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2002 ደግሞ ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን የማመሳከሪያ ዘዴውን አሳወቀ። በ2010 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር፣ በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት ለክትትል ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ለመለየትም እንዲያገለግል ተቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ልኬቱን የሚያዛባ ሁኔታ በሕመምተኛው ላይ እንዳይኖር ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ከእነዚህ ሁኔታዎች መካከል አንደኛው የሄሞግሎቢን ልዩነት ነው።

ስሕተቱ እንዴት ይፈጠራል?

ግሉኮስ ከሰንሰለቱ መነሻ ጋር ሲጣበቅ በዚያ ስፍራ የነበረውን ፖዘቲቭ ቻርጅ ያስቀራል። የሲክል ሴል ለውጥ ደግሞ ከስድስተኛው ቦታ ኔጋቲቭ ቻርጅን ያስወግዳል። በቻርጅ ልዩነት ላይ የተመሠረቱ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ኤችፒኤልሲ በመባል የሚታወቀው የክሮማቶግራፊ መሣሪያ፣ ሁለቱንም ለውጦች የሚያነቡት በአንድ ዓይን ነው። በሄሞግሎቢን ኤስ ላይ የተጣበቀው ስኳርም ኤዋንሲ ከሚወጣበት ስፍራ ርቆ ይወጣል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይረዳል። አንድ ተሸካሚ ካለው ሄሞግሎቢን 100 እጅ ውስጥ 60 እጁ ሄሞግሎቢን ኤ፣ 40 እጁ ሄሞግሎቢን ኤስ ነው እንበል። ሕመምተኛው ስኳሩ ያልተቆጣጠረ በመሆኑ ከሄሞግሎቢን ኤው 8 በመቶ፣ ማለትም 4.8 እጅ፣ ስኳር ተጣብቆበታል። መሣሪያው 4.8ን ለ60 ካካፈለ ትክክለኛውን 8 በመቶ ያገኛል። ሄሞግሎቢን ኤስንም ጨምሮ ለ100 ካካፈለ ግን የሚወጣው 4.8 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በአንድ የማካፈል ስሕተት ጤነኛ ተብሎ ይሸኛል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በሲክል ሴል ሕሙማን ደም ውስጥ፣ በተለይም ሃይድሮክሲዩሪያ በሚወስዱት ላይ፣ የጽንስ ሄሞግሎቢን የሆነው ሄሞግሎቢን ኤፍ ከፍ ይላል። አንዳንድ የቀድሞ ዓምዶች ሄሞግሎቢን ኤፍን ከኤዋንሲ መለየት ስለማይችሉ ውጤቱን ያለ አግባብ ያንሩታል። በዚህ የተሳሳተ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ኢንሱሊን ቢጨመር ሕመምተኛው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

በፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ዘዴዎችም ከችግሩ ነጻ አልነበሩም። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት የሚለዩት ስኳር የተጣበቀበትን የቤታ ሰንሰለት መነሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አሚኖ አሲዶች ብቻ የሚያነቡት በስድስተኛው ቦታ ባለው ለውጥ አይነኩም፤ እስከ ስድስተኛው የሚዘልቁት ግን ይሳሳታሉ። በ2002 ክሊኒካል ኬሚስትሪ በተሰኘው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በሄሞግሎቢን ኤስና በሄሞግሎቢን ሲ ተሸካሚዎች ደም ላይ ስምንት ዘዴዎችን አነጻጽሮ አንዳንዶቹ ለሕክምና ውሳኔ የሚያሳስብ መዛባት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ብዙዎቹን ዘዴዎች አሻሽለዋል። በቦሮኔት ላይ የተመሠረተው ዘዴ ደግሞ ስኳሩን ራሱን ስለሚይዝ በቻርጅ ለውጥ እምብዛም አይታለልም።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። በ2002 የጸደቀው የማመሳከሪያ ዘዴ የሚሠራው ግሉታሚክ አሲድ ባለበት ስፍራ በሚቆርጥ ኤንዛይም ነው። ኤንዛይሙ የቤታ ሰንሰለትን ከመነሻው ስድስት አሚኖ አሲድ ያህል ቆርጦ ያወጣና ስኳር ያለባቸውና የሌለባቸው ቁራጮች ይቆጠራሉ። በሄሞግሎቢን ኤስ ላይ ግን ስድስተኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ ስለሌለው መቁረጫው እዚያ አያርፍም። ስለዚህ የዓለም ሁሉ መሣሪያዎች የሚመሳከሩበት ሚዛን ራሱ ሄሞግሎቢን ኤስን አይቆጥርም። ስኳሩ በአንደኛው፣ ጉድለቱ በስድስተኛው፣ መቁረጫውም በስድስተኛው፤ የሁለቱ ሕመሞች ታሪክ የሚገናኘው በእነዚህ ስድስት አሚኖ አሲዶች ላይ ነው።

መሣሪያ የማያርመው ስሕተት

እስካሁን የተነጋገርነው በመሣሪያ ስለሚፈጠር ስሕተት ነው። በተሸካሚ ሰው ላይ ተስማሚ ዘዴ ከተመረጠ ይህ ስሕተት ሊወገድ ይችላል። ከሁለቱም ወላጆቹ ሄሞግሎቢን ኤስን በወረሰ ሕመምተኛ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ደም ካልተሰጠው በቀር ሄሞግሎቢን ኤ ስለሌለው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲም በትክክለኛ ትርጉሙ አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ቀይ የደም ሴሎቹ የሚኖሩት ከ10 እስከ 20 ቀን ያህል ብቻ ነው። ምርመራው የሦስት ወር ታሪክ የሚናገረው ሴሉ ያን ያህል ስለሚኖር ነው፤ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የሚሞት ሴል ስኳር ለመሰብሰብ ጊዜ የለውም። በመሆኑም ስኳሩ የቱንም ያህል ቢያሻቅብ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ሦስተኛ፣ ደም በተሰጠው ጊዜ የሚለካው የለጋሹ ሄሞግሎቢን ጭምር ነው። ይህን ሁሉ የትኛውም ረቂቅ መሣሪያ ሊያርመው አይችልም።

ተሸካሚዎችን በሚመለከትም ክርክሩ አልተዘጋም። በ2017 ጃማ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት 4620 አፍሪካ አሜሪካውያንን መርምሮ፣ የደም ግሉኮሳቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ የተሸካሚዎቹ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ተሸካሚ ካልሆኑት በአማካይ በ0.29 ነጥብ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ አመልክቷል፤ 5.72 በመቶ ከ6.01 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። የልዩነቱ ምንጭ መሣሪያው ነው ወይስ የሴሎቹ ሁኔታ የሚለው ጥያቄ ባለሙያዎችን አከራክሯል። ምንጩ የትኛውም ቢሆን ውጤታቸው በ6.5 በመቶ ድንበር አካባቢ ለሚገኝ ሰዎች ይህ ትንሽ ልዩነት ሕመሙ ታወቀ ወይም አልታወቀ የሚለውን ሊወስን ይችላል።

ጉዳዩ እኛን እንዴት ይመለከተናል?

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሄሞግሎቢን ኤስ እምብዛም የማይታይ በመሆኑ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ከተማርነው በቀር በሥራ ላይ አላጋጠመን ይሆናል። ይሁን እንጂ በምዕራብ ድንበራችን የሚገኙ የጤና ተቋማት ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞችን ያስተናግዳሉ። በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችንም የስኳር ሕመምም ሲክል ሴልም በተስፋፋበት ሕዝብ መካከል ይገኛሉ፤ በምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ ሳውዲ ዐረቢያ፣ በባሕሬንና በኦማን ሄሞግሎቢን ኤስ የታወቀ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትም እንደዚሁ። ከዚህም በላይ መሠረተ ሐሳቡ ለሀገር ቤት ሕሙማንም ይሠራል። በወባ ወይም በሌላ ምክንያት ቀይ ሴሎቹ የሚፈርሱበት ሰው ውጤቱ ያለ አግባብ ሊወርድ፣ በብረት እጥረት ደሙ ያነሰ ሰው ደግሞ ያለ አግባብ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በጾም ወይም ከምግብ በኋላ የተለካው ግሉኮስና ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ካልተስማሙ ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ከመጣል በፊት ምርመራውን መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪው በምን ዘዴ እንደሚለካ መጠየቅና ዘዴው በሄሞግሎቢን ኤስ ይነካ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕመምተኛው ላቦራቶሪ ሲቀይር ውጤቱ በድንገት ቢለዋወጥ ይህ ጥያቄ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው በክሮማቶግራፊ ሥዕሉ ላይ ያልተለመደ ጫፍ ካየ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ መላክ የለበትም። ያየውንም ለሐኪሙ ሊያሳውቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ሲክል ሴል ሕመም ላለበት፣ ሄሞግሎቢን ኤስንና ሲን አጣምሮ ለወረሰ ወይም በቅርቡ ደም ለተሰጠው ሰው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲን መሠረት ማድረግ አይገባም። ሕመሙን ለመለየት በጾም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም ግሉኮስ ከጠጣ ከ2 ሰዓት በኋላ 200ና ከዚያ በላይ የሚለውን መመዘኛ መጠቀም ይቻላል። ለክትትል ደግሞ ግሉኮስን በተደጋጋሚ መለካት፣ እንዲሁም ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሚያሳየውን ፍሩክቶሳሚን ወይም ስኳር የተጣበቀበትን አልቡሚን ማስመርመር ይረዳል። እነዚህ ሁለቱ በደም ውኃ ውስጥ ካለ ፕሮቲን ስለሚለኩ የቀይ ሴሉ ዕድሜ አይወስናቸውም።

መደምደሚያ

ሳሙኤል ራህባር በ1968 የስኳርን አሻራ ያገኙት የሕመምተኞቻቸው ሄሞግሎቢን የተለየ ሊሆን ይችላል ብለው ስለጠረጠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ምርመራው ሲቀልና ሲፈጥን፣ ውጤቱም በአንድ ቁጥር ሲጠቃለል ያ ጥርጣሬ ከብዙ ክሊኒኮች ጠፋ። ቁጥሩ ቀረ፤ የወጣበት ደም ግን ተረሳ። ባለሙያው ያንን የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ሰው ያለው ሄሞግሎቢን የትኛው ነው የሚለውን፣ መልሶ ቢጠይቅ ከማጭዱ ሴል ጋር የተወለደ የስኳር ሕመምተኛም እንደ ማንኛውም ሰው ትክክለኛ ሕክምና ያገኛል።